ሻምበል አበበ ቢቂላ እግሮቹ ከከዱት በኋላ

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሲወራ ከሁላችንም አፍ ቀድመው የሚወጡት ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ሮምና ቶኪዮ። ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን አበበ ከመሞቱ በፊት አራት ዓመት ከሰባት ወር ያህል በእግሩ መቆም ሳይችል ኖሯል። ይህን ዘመን ብዙዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ከንፈር እየመጠጡ፣ ያልፉታል። እኔ ግን የሰውየውን ትልቅነት በሙሉ ማየት የሚሻ ሰው ይህን ዘመን መዝለል የለበትም ባይ ነኝ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ፤ በዚያም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገሩ ለእንቁጣጣሽ ስትሰናዳ፣ እርሱ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በድል ፈጸመ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። በዚህም የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩ ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው።

ከዚያ አምስት ወር ቆይቶ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከሸኖ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። አንገቱ ላይ የደረሰው ጉዳት ሕብለ ሰረሰሩን ነካው። በክብር ዘበኛ ሆስፒታል ከታከመ በኋላ፣ አደጋው በደረሰ በሳምንቱ፣ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። መጀመሪያ እጆቹን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ስምንት ወር ያህል በቆየበት ሕክምና እጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ይህ ሆስፒታል እንደ ማንኛውም ሆስፒታል አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ፣ ከናዚዎች ሸሽተው የመጡ ሐኪም፣ በጦርነት የጀርባ አጥንታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ለማከም በዚያ አንድ ክፍል አቋቋሙ። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብዙ ዕድሜ ይኖረዋል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። የሚገድለውም ብዙውን ጊዜ የመኝታ ቁስልና የሽንት መመረዝ ነበር፤ ቆዳው ሕመም ስለማይሰማው፣ ቁስሉ አጥንት እስኪደርስ ድረስ አያውቀውም። ጉትማን ሕመምተኞቻቸው ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረጉ፤ ከአልጋ አንሥተውም ስፖርት አስጀመሯቸው። ቀስት መሳብ ትከሻንና ክንድን ያጠነክራል፤ እግር ለከዳው ሰው ደግሞ ክንዱ እግሩም ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር የሚሻገረው፣ ወንበሩንም የሚገፋው በእርሱ ነውና።

በዓለም ፊት 42 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው፣ አሁን ከአልጋ ወደ ወንበር ያለችው አንድ ክንድ የማትሞላ ርቀት ልምምድና ጉልበት የምትጠይቅ ሆነችበት። ይህን በደንብ የሚረዱት በየሠፈራችን ቁርጥማት ይዟቸው የሚኖሩ ሰዎች ይመስሉኛል። በእርግጥ ሕመሙ አንድ አይደለም። የአበበ እግሮች ምንም አይሰማቸውም ነበር፤ ቁርጥማት ያለበት ሰው ግን መገጣጠሚያው ጧት በተነሣ ቁጥር ያመዋል፤ ጣቱ አልታጠፍ ጉልበቱ አልዘረጋ ይለዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱም አንድ ነገር ያውቃሉ፦ ልብስ መልበስ፣ መታጠብ፣ ደረጃ መውጣት፣ ሌላው ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ሁሉ፣ ታስቦና ታቅዶ የሚሠራ ሥራ ይሆናል። ጭብጨባም የለውም።

አበበ ይህን ሥራ ሠራው። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ሄዶ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ በተደረገ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። በረዶ የማያውቅ የደጋ ልጅ፣ መቆም የማይችል ሯጭ፣ በማያውቀው ስፖርት አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ለሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ተጠርቶ በወንበሩ ተገኘ። የሙኒክ ማራቶን የተሮጠውም ጳጉሜን 5 ቀን ነበር፤ ሮም በባዶ እግሩ ከሮጠ ልክ 12 ዓመት።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከዚያ መቃብር እስከ ኦሎምፒያ ሩቅ አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ በኦሎምፒያ ስታልፍ ይህን አስብ። የአበበን ስም ለስታዲየም ሰጥተናል፤ ሯጩን አክብረናል። ነገር ግን ያ በወንበር የተቀመጠው አበበ ዛሬ ቢመጣ ስንቱን ደጃፍ ያለ ሰው እርዳታ ይገባ ነበር? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ሕግ ግን በራሱ ደረጃ አያፈርስም። ከደረጃው አጠገብ የምትሠራ አንዲት ተዳፋት መንገድ፣ በግድግዳ ላይ የምትተከል አንዲት መደገፊያ ብረት፣ ወንበር ለሚገፋውም ጉልበታቸው ለማይታጠፍላቸው እናታችንም ታገለግላለች። አበበን ማክበር የሚሻ ሁሉ በየዓመቱ የሮምን ድል ማስታወሱ መልካም ነው፤ ከዚህች ሥራ ቢጀምር ግን ክብሩ ሙሉ ይሆናል።