ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የሙያ ቋንቋ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጎንደር ተወልደው፣ ገና በሕፃንነታቸው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ከቤተ ሰባቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ። አንድ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ እርሱ ሲሞት ሌላ መኮንን አስተማራቸው። ቻርልስ ማርቲን የተባሉትም ከእነዚሁ ሁለት ሰዎች ስም ተወስዶ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው፣ ቆይተውም በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አስፋፍተው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን የተማሩትም የሠሩትም በእንግሊዝኛ ስለ ነበር የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጠፋባቸው።

ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ዘመዶቻቸው በልጅነት ጠባሳቸው አወቋቸው እንጂ በንግግር ሊግባቡ አልቻሉም። ስለዚህ ሐኪሙ አማርኛን እንደ ጀማሪ ተማሪ ተማሩ። የኋላ ሥራቸውም ከዚህ ድካም የበቀለ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ፤ በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። በ1927 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው ስለ ጣና ግድብ ከጄ. ጂ. ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። የሙያውን ቃል ያልተረዳ ተደራዳሪ በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የሚፈርመውን ሳያውቅ አገር ሊጎዳ ይችላል።

ቀጥሎም የቡና አገር የሆነውን ጨርጨርን ገዙ፤ ጣልያን በወረረን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱ፣ ከአገራችን ቀደምት መሐንዲሶች የሚቈጠሩ ነበሩ። ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ዘመቱ። ማኅበሩ ከራስ እምሩ ጋር በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በከፋ ምድር ጎጀብ ወንዝ ላይ እጁን ሰጠ፤ ከየካቲት 12 በኋላም ሁለቱ ወንድማማቾች በጠላት ተገደሉ። ለአገር የተገዛው ዕውቀት ለተተኪ ሳይተላለፍ አብሯቸው ተቀበረ።

ዛሬ ያንኑ ጎጀብን ተሻግሮ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚዘልቅ ባልደረባ፣ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶችን ያገኛል። ብዙዎቹ በቤታቸው በቤንችኛ፣ በሸኮኛ ወይም በካፍኛ አፋቸውን የፈቱ፣ በገበያ በአማርኛ የሚነጋገሩ፣ ሙያቸውን ግን በእንግሊዝኛ የሚማሩ ናቸው። ዳታቤዝ የሚለውን ቃል አስተካክሎ መጻፍና ነገሩን ለአንድ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ ያዥ ማስረዳት ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። ፈተናችን አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እንግሊዝኛውን መተው አይበጅም፤ መመሪያውም ውሉም የሚጻፈው በእርሱ ነውና። ነገር ግን እያንዳንዱ የሙያ ቃል ሁለት ጊዜ ሊጠየቅ ይገባል፤ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፍቺው፣ ሁለተኛ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ በሚሰጠው ማብራሪያ።

ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። የባዕድ ቋንቋ ዕውቀታቸው ለአገር የተረፈው፣ ወደ ወገናቸው ቋንቋ የሚመለስበትን መንገድ በጎልማሳነታቸው ተምረው ስለ ሠሩት ነው።