ስሙን የሒሳብ መምህሩ ያወጡለት ልጅ

በዚህ እትም «ታላላቅ ሰዎች» በሚለው አምዳችን የቱርክ ሪፐብሊክን የመሠረተውን የሙስጠፋ ከማል አታቱርክን የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ስለሚል በእረፍት ሰዓት ብታነቡት ይሻላል። ስትጨርሱ ደግሞ መጽሔቱን ለሌላው ክፍል ማሳለፍ እንዳትረሱ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሙስጠፋ በ1881 ሰሎኒካ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ይህች ከተማ በመጽሐፍ ቅዱስ ተሰሎንቄ የምትባለዋ ናት። ዛሬ የግሪክ ናት፣ ያኔ ግን የኦቶማን ቱርኮች ግዛት ነበረች። ኦቶማኖች ማለት በታሪክ ትምህርት በ1557 ምጽዋን ያዙ ብለን የተማርናቸው ናቸው። አባቱ አሊ ሪዛ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር፤ በኋላ እንጨት ይነግድ ጀመር። ሙስጠፋ ገና ልጅ እያለ አባቱ ሞተ። እናቱ ዙበይዴ ልጆቿን ይዛ ገጠር ወንድሟ ዘንድ ሄደች። እዚያ የሙስጠፋና የእህቱ ሥራ ምን ነበር መሰላችሁ? ከባቄላ ማሳ ላይ ቁራ ማባረር!

እናቱ የሃይማኖት ትምህርት እንዲማርላት ነበር የምትፈልገው። እሱ ግን የጎረቤታቸው ልጅ የሚለብሰውን የወታደር ትምህርት ቤት ዩኒፎርም አይቶ ልቡ ተሰቅሎ ነበር። ለእናቱ ሳይነግር ሄዶ የመግቢያ ፈተና ወሰደ፤ አለፈም። እሷ ስትሰማ ነገሩ አልቆ ነበር። (ይህን እንድንከተል አይደለም የጻፍኩት።)

በዚያ ትምህርት ቤት ሒሳብ ላይ በጣም ጎበዝ ሆነ። የሒሳብ መምህሩም ስማቸው ሙስጠፋ ነበር። ሁለት ሙስጠፋ በአንድ ክፍል እንዳይምታታ ብለው ለተማሪያቸው ከማል የሚል ስም ጨመሩለት ይባላል። ከማል ማለት ፍጹም፣ ጉድለት የሌለው እንደማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙስጠፋ ከማል ሆኖ ቀረ። ይኸው ዓለም እስከ ዛሬ የሚጠራው መምህሩ ባወጡለት ስም ነው።

በ1905 ኢስታንቡል ካለው የጦር አካዳሚ በሻምበልነት ተመረቀ። በ1911 ጣልያን ሊቢያን ልትይዝ ተነሳች። ዓድዋ ላይ ከተሸነፈች 15 ዓመቷ ነው። ሙስጠፋ ከማል ጋዜጠኛ መስሎ፣ በግብፅ በኩል ተሹለክልኮ ሊቢያ ገባና ተዋጋ። እሱ እዚያ በረሃ ላይ እያለ ግን ሌላ ጦርነት ተነሳ፤ በ1912 የተወለደባት ሰሎኒካ በግሪኮች ተያዘች። እናቱና እህቱ ስደተኛ ሆነው ኢስታንቡል ገቡ። ያደገባትን ከተማ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልኖረባትም።

ስሙ የተጠራው ግን ጋሊፖሊ ላይ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ቱርክ ከጀርመን ጎን ቆማ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ የዳርዳኔልስን ባሕር ሰርጥ አልፈው ኢስታንቡልን ለመያዝ አሰቡ። በመርከብ ሞክረው አልሆነም። ስለዚህ ሚያዝያ 25 ቀን 1915 ወታደሮቻቸውን ጋሊፖሊ በሚባለው ልሳነ ምድር ላይ አወረዱ። ከነሱ መካከል ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ድረስ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ሙስጠፋ ከማል ያኔ የ34 ዓመት ሌተናል ኮሎኔልና የ19ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ነው።

በዚያ ጠዋት የበላይ ትእዛዝ ሳይጠብቅ አንድ ሬጅመንት ይዞ ወደ ኮረብታው ሮጠ። እሱ ጥቂት ሰዎች ይዞ ቀድሞ ደርሶ ነበርና የራሱ ወገን ወታደሮች ወደ ኋላ እየሸሹ ሲመጡ አገኛቸው። ለምን እንደሚሸሹ ሲጠይቃቸው ጥይት አልቆብናል አሉት። ጥይት ባይኖራችሁ ሳንጃ አላችሁ አላቸውና ሳንጃ አስሰክቶ መሬት ላይ አስተኛቸው። ያን ጊዜ የጠላት ወታደሮችም፣ ሊተኮስብን ነው ብለው መሬት ላይ ተኙ! አስቡት፣ ጥይት የሌላቸው ሰዎች ተኝተው ጥይት ያላቸውን አስተኙ። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዋናው ጦር ደረሰ፤ ኮረብታውም ሳይያዝ ቀረ።

ይህን ብቻ ጽፌ ባቆም ታሪኩ ጨዋታ ይመስላል። ግን በዚያው ቀን ለወታደሮቹ የሰጠው ትእዛዝ እንዲያጠቁ ሳይሆን እንዲሞቱ ነበር፤ እነሱ እስኪሞቱ በሚያልፈው ጊዜ ሌሎች ደርሰው ቦታውን ይተካሉ ብሎ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ከድኜ ትንሽ ቆይቻለሁ። ትልቅ ወንድሜ የጦር አዛዥ እንዲህ ካልሆነ አገር አይድንም አለኝ። እኔ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ነሐሴ ላይ ደግሞ የቦምብ ፍንጣሪ ደረቱን መታው። በኪሱ የያዘው ሰዓት ተሰባብሮ እሱን አተረፈው። የተሰበረውን ሰዓት የበላይ አዛዡ ለነበሩት ጀርመናዊ ጄኔራል ሰጣቸው፤ እሳቸውም በምትኩ የራሳቸውን ሰዓት ሰጡት።

በ1916 ፓሻ የሚለውን ማዕረግ አገኘ፤ ጄኔራል ማለት ነው። እስካሁን «እሱ» እያልኩ መጣሁ፣ ከዚህ በኋላ ግን ፓሻ ስለሆኑ «እሳቸው» እላለሁ። አማርኛ መምህራችን አንዱን ምረጪ ብለውኝ ነበር፤ ሆኖም ቁራ የሚያባርርን ልጅ «እሳቸው» ማለት አልሆነልኝም።

በ1918 ጦርነቱ በቱርክ ሽንፈት አለቀ። ኅዳር 13 ቀን ሙስጠፋ ከማል ከጦር ግንባር ኢስታንቡል ሲገቡ የአሸናፊዎቹ መርከቦችም በዚያው ቀን ወደብ ላይ ደርሰው ነበር። ሱልጣኑ ዙፋናቸው ላይ አሉ፣ ግን የሚያዙት ሌሎች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት የግሪክ ጦር ኢዝሚር ላይ ወረደ። በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 19 ቀን 1919፣ ሙስጠፋ ከማል ባንድርማ በተባለች አሮጌ መርከብ ሳምሱን ደረሱ። ሱልጣኑ የላኳቸው በአካባቢው ጸጥታ እንዲያስከብሩ ነበር። እሳቸው ግን ሕዝቡን ለነጻነት ማደራጀት ጀመሩ።

ተመለሱ ሲባሉ አልመለስም አሉ። ሐምሌ ላይ ኤርዙሩም ከተማ ሳሉ ከጦሩ ለቀቁ። ከልጅነት ጀምሮ የለበሱትን ዩኒፎርም አወለቁ ማለት ነው። ማዕረግ የለ፣ ደመወዝ የለ፣ ወታደር የለ። በአካባቢው ጦር የነበራቸው ካዚም ካራበኪር ፓሻ ነበሩ፤ እንዲይዟቸውም ከኢስታንቡል ታዘዙ። ካራበኪር ግን ሊያስሯቸው ሳይሆን ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥተው እኔም ጦሬም በትእዛዝዎ ሥር ነን አሏቸው። እኔ እንደማስበው የቱርክ ታሪክ የተቀየረው በዚያች ሰላምታ ነው። ካራበኪር ትእዛዙን ቢፈጽሙ ኖሮ ይህ ጽሑፍም አይኖርም።

ሚያዝያ 23 ቀን 1920 አንካራ ላይ ታላቁ ብሔራዊ ምክር ቤት ተከፈተ። አንካራ ያኔ አቧራማ ትንሽ ከተማ ነበረች። ለምክር ቤቱ ወንበር ስላልነበረ የተማሪ ዴስክ ከትምህርት ቤት አመጡ፤ መብራቱን ከቡና ቤት ተዋሱ። የአገር ሽማግሌዎችና መኮንኖች ልክ እንደኛ ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀምጠው አገር መሩ። በወሩ ኢስታንቡል ያለው መንግሥት ሙስጠፋ ከማልን በሌሉበት ሞት ፈረደባቸው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሴቭር በተባለው ውል አገሪቱ እንድትከፋፈል ተፈረመ።

የግሪክ ጦር በ1921 ወደ አንካራ ገሰገሰ። ምክር ቤቱ ሦስት ወር የሚቆይ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ ሙስጠፋ ከማልን ጠቅላይ አዛዥ አደረጋቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው ካልሲ መሰብሰብ ነበር ብል አትሳቁ። እያንዳንዱ ቤት ለወታደር አንድ የውስጥ ልብስ፣ አንድ ካልሲና አንድ ጫማ እንዲሰጥ አዘዙ። ከነጋዴዎች ደግሞ ካላቸው ጨርቅና ቆዳ ከመቶ 40 እጁ ገንዘቡ በኋላ እንዲከፈል ተብሎ ተወሰደ። ጥይቱን በበሬ ጋሪ ያጓጉዙ የነበሩት አብዛኞቹ የገጠር ሴቶች ናቸው። ሙስጠፋ ከማል ከፈረስ ወድቀው የጎድን አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። በሳካሪያ ወንዝ አጠገብ የተደረገውን ውጊያ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው መሩት። ውጊያው 22 ቀንና ሌሊት ፈጅቶ ግሪኮች ወደ ኋላ ተመለሱ። ምክር ቤቱም ጋዚ የሚል ማዕረግ ጨመረላቸው። በዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ትልቁ ማጥቃት ተጀመረ፤ መስከረም 9 ቀን 1922 የቱርክ ጦር ኢዝሚር ገባ።

ድሉ ለሁሉም ድል አልነበረም። ኢዝሚር በዚያው ሳምንት ተቃጠለች፤ ብዙ ግሪኮችና አርመኖች ሞቱ፣ ወደብ ላይም ቀሩ። በኋላም ሁለቱ አገሮች ሕዝብ ለመለዋወጥ ተስማሙ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ከቱርክ፣ ወደ 400 ሺህ የሚሆኑ ሙስሊሞች ደግሞ ከግሪክ ቤታቸውን ለቀው ወጡ። እንደ ዙበይዴ ማለት ነው።

በ1922 የሱልጣኖች አገዛዝ ቀረ። ጥቅምት 29 ቀን 1923 ሪፐብሊክ ታወጀ፤ ሙስጠፋ ከማል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የቀየሩት ነገር ብዙ ነው። የከሊፋነት ሥልጣን ተሻረ፣ ፌዝ የሚባለው ቀይ ቆብ ተከለከለ፣ አዲስ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። በ1934 ሴቶች ለምክር ቤት የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት 17 ሴቶች ተመረጡ። ያኔ የፈረንሳይ ሴቶች እንኳ አይመርጡም ነበር። በ1927 ደግሞ የትግሉን ታሪክ የሚተርክ ንግግር አደረጉ፤ ስንት ሰዓት ፈጀ? 36 ሰዓት! በ6 ቀን ውስጥ። ሰልፍ ላይ ንግግር በዛ የምትሉ ይህን አስቡ።

አሁን የምጽፈውን ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር፤ መምህራችን ግን አትዝለይው አሉኝ። ጋዚ ተቃዋሚ አይወዱም ነበር። አብረዋቸው የታገሉት፣ ያቺን ሰላምታ የሰጧቸው ካራበኪር ጭምር፣ ሌላ ፓርቲ ሲመሠርቱ በ1925 ፓርቲው ተዘጋ። በ1926 ካራበኪር ፍርድ ቤት ቀርበው በነጻ ተለቀቁ፤ ሌሎች ግን ተሰቀሉ። ቆቡን የተቃወሙ ሰዎችም የተሰቀሉ አሉ። በ1930 ራሳቸው ጓደኛቸውን ተቃዋሚ ፓርቲ አቋቁም አሏቸውና ሕዝቡ ሲጎርፍለት በሦስት ወሩ ፈረሰ። ኩርዶች በቋንቋቸው እንዳይማሩ ተከለከሉ፤ በ1937 እና 1938 ዴርሲም በተባለ አካባቢ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ።

ለኔ ከሁሉም በላይ የገረመኝ የፊደሉ ነገር ነው። ቱርኮች የሚጽፉት በዐረብኛ ፊደል ነበር። ቱርክኛ ደግሞ ስምንት አናባቢ አለው፣ በዚያ ፊደል ሁሉንም ለይቶ መጻፍ ያስቸግራል። በ1927 ማንበብ የሚችለው ከ10 ሰው አንዱ ያህል ነው። ባለሙያዎች ለውጡ ቢያንስ 5 ዓመት ይፈልጋል ሲሏቸው በሦስት ወር አሉ! በ1928 ክረምትና መጸው በየከተማው እየዞሩ፣ ጥቁር ሰሌዳ አስቁመው፣ ጠመኔ ይዘው 29ኙን አዲስ ፊደል ራሳቸው አስተማሩ። በሰሌዳው ፊት የተነሱት ፎቶ አለ፤ ሱፍ የለበሰ መምህር እንጂ የጦር መሪ አይመስሉም። ኅዳር 1 ቀን ሕጉ ወጣ፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ጋዜጦች በአዲሱ ብቻ ሆኑ። ለአዋቂዎችም የሕዝብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1935 የሚያነበው ከ10 ሰው ሁለት ያህል ደረሰ።

አያቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ይህን ታሪክ ስነግራት መጀመሪያ ደስ አላት። ከነገ ጀምሮ ሀ ሁ ቀርቷል ብትባዪ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ስጠይቃት ግን ዝም አለች፤ ቆይታ የዳዊቷ ነገር እንዴት እንደሚሆን ጠየቀችኝ። የቱርክ አያቶችም የጠየቁት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ አንድ የቱርክ ተማሪ የቅድመ አያቱን ደብዳቤ ወይም የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ካልተማረ በቀር ማንበብ አይችልም።

ቱርኮችም እንደኛ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። በ1934 ሁሉም እንዲይዝ ሕግ ሲወጣ ምክር ቤቱ ለሙስጠፋ ከማል አታቱርክ የሚል ስም ሰጠ፤ የቱርኮች አባት ማለት ነው። ሌላ ማንም ሰው በዚህ ስም እንዳይጠራም ተከለከለ።

አታቱርክ በጉበት በሽታ ታመው ኅዳር 10 ቀን 1938 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ5 በእኛ አቆጣጠር ኢስታንቡል ውስጥ አረፉ። 57 ዓመታቸው ነበር። በየዓመቱ በዚያች ደቂቃ ቱርክ ውስጥ ሳይረን ይነፋል፤ መኪናው ሁሉ ይቆማል።

ከመሞታቸው አንድ ዓመት በፊት አንዲት 44 ገጽ ያላት መጽሐፍ ታትማ ነበር፤ የጸሐፊው ስም የለባትም። የጻፉት አታቱርክ ናቸው። የጦርነት መጽሐፍ አይደለችም፣ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ናት። የሒሳብ ቃላቱ ከዐረብኛ የመጡ ስለነበሩ ተማሪዎች ይቸገሩ ነበር፤ እሳቸው በምትካቸው የቱርክኛ ቃል አወጡላቸው። ዛሬም የቱርክ ተማሪዎች ሦስት ማዕዘንን የሚጠሩት በዚያች መጽሐፍ ውስጥ ባለው ቃል ነው።