አቡነ ቴዎፍሎስ፦ አፈር የጠበቀው ምስክርነት

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ በሚገኘው የቀድሞ የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ፣ የኢትዮጵያ ሁለተኛ ፓትርያርክ አስከሬን ያለ ጸሎተ ፍትሐት፣ ያለ መቃብር ምልክት 13 ዓመት ገደማ ተቀብሮ ኖሯል። ገዳዮቹ አፈሩ ምስጢራቸውን እንደሚጠብቅላቸው አምነው ነበር።

ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው በ1940 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ከተሾሙት አምስት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆኑ፤ ሀገረ ስብከታቸውም ሐረርጌ ነበር። አቡነ ባስልዮስ በ1963 ዓ.ም. ሲያርፉ መንበሩን ተረከቡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የተፈጸመው በዓለ ሢመታቸውም በኢትዮጵያ ምድር የተከናወነ የመጀመሪያው የፓትርያርክ ሢመት ሆነ። ምእመናን በአጥቢያቸው አስተዳደር የሚሳተፉበት የሰበካ ጉባኤ በእርሳቸው ዘመን ተመሠረተ።

ከደርግ ጋር ያጋጫቸው የመንግሥትን ፈቃድ ሳይጠብቁ ኤጲስ ቆጶሳትን መሾማቸው ነው። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምትም ያለ ፍርድ ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ክረምት ተገድለው በዚያው ግቢ ተቀበሩ። ግድያው ግን ለሕዝብ አልተነገረም። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊው ፓትርያርክ በሕይወት ሳሉ ሌላ አይሾምም በማለት ተተኪውን ሳትቀበል ቆየች። የአንድ ሰው ሞት መደበቁ ቤተ ዘመድን ከሐዘን፣ ቤተ ክርስቲያንን ከሥርዓቷ፣ ሀገርንም ከፍትሕ አገደ።

እውነትና ንጋት እያደር መጥራቱ አይቀርምና፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. አስከሬናቸው ተገኘ፤ በዚያው ዓመትም ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር አረፈ።

ቀጥሎ የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሌሎች የጅምላ መቃብሮችን ለመመርመር የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎችን አስመጣ። ባለሙያዎቹ ኮተቤ ከሚገኙ የጅምላ መቃብሮች የ30 ሰዎችን አፅም አወጡ። በአንዳንዶቹ አንገት ላይ የናይለን ገመድ እንደታሰረ ተገኘ። ሥጋ ቢበሰብስም ናይለን አይበሰብስምና፣ ገመዱ ሟቾቹ በምን እንደተገደሉ መሰከረ።

የፎረንሲክ ምርመራ ከአፅም የሚጠይቀው በዋናነት ሦስት ነገር ነው፦ ሟቹ ማን ነው? እንዴት ሞተ? መቼ ሞተ? የዳሌ አጥንት ጾታን፣ የጭን አጥንት ቁመትን፣ ጥርስና የአጥንት መጋጠሚያ ዕድሜን ይጠቁማሉ። ጥይት አጥንት ላይ ቀዳዳ ይተዋል፤ የታነቀ ሰው ደግሞ ከምላስ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ልትሰበር ትችላለች። ልብስ፣ ቀለበትና የአፈሩ ሁኔታ ቀሪውን ይሞላሉ።

ይህ ሁሉ ግን ፍርድ ቤት የሚረዳው እያንዳንዱ ነገር የትና እንዴት እንደተገኘ ተመዝግቦ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ እርሻ ሲታረስ ወይም መሠረት ሲቆፈር የሰው አፅም ቢወጣ፣ ሥራውን አቁሞ፣ አፅሙን ሳያነሡና ሳያጥቡ፣ ቦታውን አጥሮ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። በበጎ ሐሳብ የተሰበሰበ አፅም እንኳ ከቦታው ከተነሣ የምስክርነቱን ግማሽ ያጣል።

የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። የፓትርያርኩ ግድያ ከንጉሠ ነገሥቱ ግድያ ጋር በክሱ ተካተተ። ሰነድ፣ የሰው ምስክርና አፅም ተደጋግፈው ቀረቡ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ግብረ አበሮቹ ጥፋተኛ ተባሉ። ፍርዱ ለተገደሉት ነፍስ አልመለሰም፤ ሞታቸውን ግን ከወሬነት አውጥቶ በመዝገብ የጸና እውነት አደረገው።