የእርሾውን ምስጢር ያገኘው ኤድዋርድ ቡክነር

ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1860 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ሐንስ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሊቃውንት ፓስተርን ተከትለው፥ ስኳርን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጠው በሕይወት ያለ እርሾ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቡክነር ግን እርሾውን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ በመጭመቅ ሕያው ሴል የሌለበት ጭማቂ አወጣ። እኔን የሚደንቀኝ፥ ስኳሩን የጨመረበት ጭማቂው እንዳይበላሽ ብሎ መሆኑ ነው። ጭማቂው እንደ አዲስ ጠጅ አረፋ እያወጣ ይፈላ ጀመር! ለካስ ሥራውን የሚሠራው በሴሉ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ኖሯል። ይህን በ1897 አሳትሞ በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጡንቻችንም ስኳርን ሰባብሮ ኃይል የሚያገኘው በተመሳሳይ መንገድ መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ፤ ቡክነር ግን ይህን ሳያይ በ1917 በሩማንያ ጦር ግንባር ቆስሎ በ57 ዓመቱ ሞተ።