ብረት የሚሸሽገውን ጋዝ ያገኘው ሊቅ
ቶማስ ግራሃም

ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚሻገር መንገደኛ በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይን ያገኛል። ይህ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት (1632–1667) በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድልድይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ቅስቱን ስላፈረሱት ስሙ ሰባራ ሆኖ ቀረ። በ2009 በዚያው አካባቢ ከብረት ገመድ የተሠራ የእግር ድልድይ ተዘርግቷል። (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ድንጋዩ የፈረሰበትን ምክንያት የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል። ጠንካራ ብረት ግን ጠላት ሳይነካው፣ ሳይዝግም፣ በውስጡ በተሸሸገ ጋዝ ሊሰበር እንደሚችል የሚያውቀው ጥቂት ነው። ወደዚህ ምስጢር በሩን የከፈተውን ሊቅ ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ቶማስ ግራሃም በ1805 በስኮትላንድ፣ በግላስጎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የፋብሪካ ባለቤት ሲሆን ልጁ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ልጁ ግን በ1819 ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኬሚስትሪን ትምህርት ከቀመሰ በኋላ ልቡ ወደ ሌላ አላዘነበለም። አባቱ ተቆጣ፤ የገንዘብ ርዳታውንም አቋረጠ። እናቱና እኅቱ ግን አልተለዩትም። ግራሃም አባቱን በክርክር ለመርታት አልሞከረም፤ መልስ የሰጠው በሥራው ነው።

በ1830 በትውልድ ከተማው መምህር ሆነ፤ በ1837 ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዛወረ። በ1841 የተመሠረተው የለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እርሱ ነው። እኛ ተማሪዎች ሳለን የምናውቀው ቀላል ጋዝ ከከባዱ ፈጥኖ እንደሚያልፍ የሚናገረውን ሕጉን ብቻ ነበር። ዛሬ የኩላሊት ሕሙማን ደም የሚጣራበት ዘዴ የሚጠራበትን ዲያሊሲስ የሚለውን ስም ያወጣው እርሱ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

በ1855 የእንግሊዝ መንግሥት ሳንቲም የሚቀረጽበት ቤት ዋና ሹም ሆኖ ተሾመ፤ ይህ ሹመት ቀድሞ የኒውተን ነበር። ብዙ ሰው ሹመት ሲያገኝ መጽሐፉን ያጥፋል። ግራሃም ግን ከፍ ያለውን ግኝቱን ያገኘው በዚሁ ሹመት ላይ ሳለ ነው። ፓላዲየም የተባለው ብርቅ ብረት ከራሱ መጠን 600 እጥፍ የሚበልጥ ሃይድሮጂን እንደሚውጥ በ1866 አስታወቀ። ሽቦው ጋዙን ሲጠጣ እንደሚረዝም፣ ሲለቅም እንደሚያጥር ለካ። ሃይድሮጂን ራሱ የብረት ወገን ነው ብሎ በማመኑ ጋዙን ከጠጣው ፓላዲየም ትንንሽ ሜዳልያ አስቀረጸ። በዚህ እምነቱ ተሳስቷል፤ ልኬቱ ግን አልተሳሳተም። በ1869፣ በ63 ዓመቱ፣ ሚስት ሳያገባ ዐረፈ።

ከሞተ ከ6 ዓመት በኋላ ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ፣ አሲድ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ የቆየ የብረት ሽቦ ሲታጠፍ እንደሚሰበር፣ ስብራቱም ሲረጥብ አረፋ እንደሚያወጣ አሳየ። አረፋው ሃይድሮጂን ነበር። በ1934 ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ በብረት ውስጥ በረድፍ የተሰለፉት አቶሞች ረድፋቸው የተዛነፈበት ቦታ እንዳለ አስረዱ። በተነጠፈ ድንጋይ ላይ የፈሰሰ ጤፍ በስንጥቁ እንደሚከማች፣ ከአቶሞች ሁሉ ቀላሉ ሃይድሮጂንም በእነዚህ ጉድለቶችና የብረቱ ቅንጣቶች በሚጋጠሙበት ወሰን ይሰበሰባል። ሸክም ሲበረታ ስንጥቁ ከዚያ ሊጀምር ይችላል። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2020 ብረቱን እጅግ አቀዝቅዘው፣ ሃይድሮጂን በእነዚህ ጉድለቶች ላይ መቀመጡን በአቶም ደረጃ አዩ።

የድልድይ ገመድ የሚፈትል ፋብሪካ ሽቦውን በአሲድ ሲያጥብ ዛሬ የሚጠነቀቀው ስለዚህ ነው። ግራሃም ስለ ድልድይ አላሰበም፤ የጠየቀው ጋዝ በብረት ውስጥ እንዴት ያልፋል ብሎ ብቻ ነበር። ወጣት ተማሪና ወጣት ሹም ከዚህ የሚማሩት አለ፤ ጥቅሙ ገና ያልታየ ጥያቄ በትጋት ከተያዘ፣ ጠያቂው ካለፈ በኋላ እንኳ መንገደኛን በደኅና ያሻግራል።