እናቱን ከ25 ዓመት በኋላ ያገኘው ልጅ



ከመካከላችን እናቱ ወይም አባቱ የት እንዳሉ የማያውቅ ብዙ ነው። ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ይውልና ሲመሽ ሐዘኑ የሚብስበት ልጅ አለ። የዛሬውን የሕይወት ታሪክ የመረጥነው በተለይ ለእርሱ ነው።

ባለታሪካችን አጃዪ ይባላል። የተወለደው ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር፣ በዮሩባ ምድር ነው። በ1821 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ቀን ጠዋት፣ እናቶች ቁርስ ሲያዘጋጁ፣ ባሪያ ፈንጋዮች ከተማውን ከበቡት። አባቱ ቤተሰቡ እንዲሸሽ ነግሮ ወደ ውጊያው ተመለሰ። አጃዪ ከዚያ በኋላ አባቱን አላየውም። እርሱም፣ እናቱ አፋላም፣ እህቶቹም አንገታቸው በገመድ ታስሮ ተነዱ። ዕድሜው ወደ 13 ዓመት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከእናቱ ለዩት። አንድ ጊዜ በፈረስ ተለወጠ፤ ከዚያም ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተሸጠ። ሐዘኑ ከመክበዱ የተነሣ ሞትን እስከ መመኘት ደርሶ ነበር። በሚያዝያ 1822 ከሌሎች ባሮች ጋር በፖርቱጋል መርከብ ተጫነ። ሆኖም መርከቧ ጉዞ እንደ ጀመረች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ያዛት። አጃዪም ነፃ ወጥቶ ወደ ሴራሊዮን፣ ወደ ፍሪታውን ተወሰደ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ነፃ ወጣ ማለት አገሩ ገባ ማለት አይደለም። ቋንቋውን በማያውቀው አገር ያለ ወላጅ የሚኖር ስደተኛ ሆነ። ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ከአገሩ ሰው ሳንቲም ለምኖ የራሱን ፊደል ገበታ ገዛ። በስድስት ወር ውስጥ ሐዲስ ኪዳንን ማንበብ ቻለ፤ የአናጢነት ሙያም ተማረ። በ1825 ሲጠመቅ ሳሙኤል ክራውዘር ተባለ። በ1827 የፉራ ቤይ ኮሌጅ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነበር። ከዚያ መምህር ሆነ፤ እንደ እርሱ ከባሪያ መርከብ የዳነችውን ሱዛንን አገባ። በ1843 ለንደን ውስጥ የቅስና ማዕረግ ተቀበለ።

በ1846 ለወንጌል ሥራ በአገሩ ወደምትገኘው ወደ አቤኦኩታ ከተማ ሄደ። እናቱ በአቅራቢያ እንደምትኖር ተሰማ፤ እርሷም ልጇ መምጣቱን ሰምታ ወደ እርሱ መጣች። 25 ዓመት አልፎ ነበር። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዝም ብለው ተያዩ፤ ቃል አልወጣቸውም። እርሷ ትንቀጠቀጥ ነበር። በ1848 ስትጠመቅ ስሟ ሐና ተባለ፤ በመጽሐፍ ቅዱስም የሳሙኤል እናት ሐና ናትና።

ክራውዘር መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ዮሩባ ቋንቋ እንዲተረጎም ብዙ ደከመ። በ1864 የመጀመሪያው አፍሪካዊ የአንግሊካን ጳጳስ ሆነ። በእርጅናው ግን ከአውሮፓ የመጡ ወጣት ሚስዮናውያን የሥራ ባልደረቦቹን ሲያባርሩበት ሌላ ሐዘን ቀመሰ። በታኅሣሥ 31 ቀን 1891 ሌጎስ ውስጥ አረፈ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? እግዚአብሔር የጠፋብንን ሁሉ በምድር ይመልስልናል ማለት አይደለም። አጃዪ እናቱን አገኘ፤ አባቱን ግን አላገኘም። ነገር ግን የእግዚአብሔር ማጽናናት እናቱ እስክትገኝ ድረስ አልዘገየም። በእነዚያ 25 ዓመታት በመምህራን፣ በትምህርት፣ በሙያ፣ በትዳርና በጸሎት በኩል ወደ እርሱ ይመጣ ነበር። እናቱንም አልረሳም። መጽናናት መርሳት አይደለምና።

እናንተ ልጆች፣ ስለ ወላጆቻችሁ ብታለቅሱ እምነት ጎደላችሁ ማለት አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐናም በቤተ መቅደስ እያለቀሰች ነው የጸለየችው። አልቅሱ፤ ጸልዩ፤ ነገ ጠዋትም ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።

እናንተም ወላጆች፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ብቻውን የቀረ ልጅ ካለ አይዞህ ብላችሁ ብቻ አትለፉት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስለ እናቱ ሲያወራ ስሙት፤ ቡና ሲፈላም ጥሩት። እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ የሚያጽናናው በሰው እጅ ነው።