በወንድሙ ወረቀት የዋኘው ታርዛን

ገመድ ይዞ ከዛፍ ዛፍ እየተወረወረ የሚጮኸውን ታርዛን የማያውቅ ማን አለ? ጆኒ ዌይስሙለር ግን ፊልም ከመሥራቱ በፊት የለየለት ዋናተኛ ነበር። እ.ኤ.አ በ1922 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ58.6 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ከአንድ ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ጣጣው የመጣው ለ1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። ጆኒ ሕፃን ሳለ አሜሪካ ገባ እንጂ የተወለደው ዛሬ ሮማኒያ ውስጥ ባለ መንደር ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ፓስፖርት እንዴት ያግኝ? ቤተሰቡ መላ ዘየደ። ፔንሲልቫኒያ የተወለደው የታናሽ ወንድሙ የፒተር የትውልድ ቦታ ለእሱ ተሰጠ። ኳስ ወዳጆች፣ በሐሰተኛ ፓስፖርት ስንቱ ተጫዋች ጉድ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጆኒ ግን ሜዳሊያውን የነጠቀው የለም። በፓሪስ ሦስት ወርቅና በውኃ ፖሎ አንድ ነሐስ፣ በ1928 አምስተርዳም ላይ ደግሞ ሁለት ወርቅ ጠራርጎ ወሰደ።

ከ1932 እስከ 1948 በ12 ፊልሞች ታርዛንን ተጫወተ። የመጨረሻውን የቀረፀው በሜክሲኮዋ አካፑልኮ ሲሆን፣ በ1984 በ79 ዓመቱ ያረፈውም እዚያው ነው። ሲቀበር ያ የታርዛን ጩኸት በቴፕ ተለቀቀለት።